ሥጋ በል ዕፀዋትን በቤት ውስጥ በኤል.ኢ.ዲ. መብራት ስለ ማሳደግ

መግቢያ

ዕፀዋት ለእንስሳት ምግብ መሆናቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በግ ሣሩን ይግጣል፤ ንብ አበባውን ትቀስማለች፤ አንበጣ ቡቃያውን ይጨርሳል። ተክል ባለበት ቆሞ መበላት እንጂ መብላት ዕጣው አይመስልም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሥርዓት የወጡ የሚመስሉ፣ ዝንብንና ትንኝን፣ ጕንዳንንና ሸረሪትን አጥምደው የሚፈጩ ዕፀዋት አሉ። እነዚህም በተለምዶ ሥጋ በል ዕፀዋት ተብለው ይጠራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ዕፀዋት ከሚያጠምዱት ነፍሳት የሚያገኙት ምን እንደ ሆነ፣ ከብርሃንስ የሚያገኙት ምን እንደ ሆነ ለይተን እናሳያለን። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት የፀሐይን ቦታ ሊይዝ የሚችለው በምን ሁናቴ እንደ ሆነ፣ መጠኑም እንዴት እንደሚለካ እንገልጻለን። ሦስተኛ፣ ይህ ሥራ ለተማሪና ለመምህር፣ እንዲሁም በዱር ላሉት ዕፀዋት ምን እንደሚጠቅም አሳባችንን እናቀርባለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ሥጋ በል የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙን የሰማ ሰው ተክሉን እንደ ድመት በሥጋ ሊያሳድገው ይሞክራል፤ በጨለማ ክፍል አስቀምጦ ዝንብ ያጐርሰዋል፤ ተክሉም በጥቂት ወራት ይሞታል። ዝንቡ ግን የተክሉ እንጀራ አይደለም። እንጀራው ብርሃን ነው፤ ዝንቡ እንደ ጨው ነው። ያለ ጨው ወጥ አይጣፍጥም፤ ጨው ብቻውን ግን ማንንም አያጠግብም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

፩ኛ፤ ሥጋ በል የተባሉት ዕፀዋት

እስከ ዛሬ የታወቁት ሥጋ በል ዕፀዋት ከ600 ዓይነት በላይ ናቸው። ሁሉም ከአንድ ወገን የተወለዱ አይደሉም። የዕፀዋትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ጠባይ ቢያንስ ስድስት ጊዜ በተለያየ ወገን ለየብቻው ተነሥቷል። አንድ ተክል ሥጋ በል እንዲባል ነፍሳትን መሳብ፣ መያዝ፣ መፍጨትና ከተፈጨውም ተጠቃሚ መሆን አለበት።

የማጥመጃቸው ዘዴ ልዩ ልዩ ነው። ድሮዜራ የሚባለው ወገን በቅጠሉ ላይ ባሉት ጠጕሮች ጫፍ እንደ ጤዛ የሚያበራ ሙጫ አለው፤ የተጣበቀውን ነፍሳ ጠጕሮቹ እየጐነበሱ ያቅፉታል። የሰሜን አሜሪካው ሳራሴንያና የደቡብ ምሥራቅ እስያው ኔፔንቴስ ቅጠላቸው እንደ እንስራ ሆኖ ውስጡ ፈሳሽ ይይዛል፤ በአፉ ላይ ያዳለጠው ነፍሳ ወድቆ ይሰጥማል። ኔፔንቴስ በማዳጋስካርም ይገኛል፤ ኤቲየን ደ ፍላኩር የተባለው ፈረንሳዊ የደሴቲቱ ገዥ በ1658 ስለዚህ ተክል ጽፏል። ኡትሪኩላሪያ የሚባለው ደግሞ በውሃና በረግረግ ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ያሉ ወጥመዶች አሉት፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ውሃውን ከነሕያው የሚስበው ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የዚህ ወገን ዓይነቶች በአገራችንም በኩሬና በረግረግ ይበቅላሉ፤ ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ግን ዲዮኔያ ሙስኪፑላ ነው። ይህ ተክል በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ብቻ ሲሆን፣ ከዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ እምብዛም አይርቅም። ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አለው፤ በየገጹም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ቀጫጭን ጠጕሮች ቆመዋል። አንድ ጊዜ ቢነኩት አይዘጋም። በ20 ሴኮንድ ውስጥ ሁለተኛ ሲነኩት ግን ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ በሚሆን ጊዜ ይዘጋል። ይህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። የዝናብ ጠብታ ወይም ነፋስ ያመጣው ገለባ አንድ ጊዜ ነክቶ ይቀራል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን ይንቀሳቀሳልና ደግሞ ይነካል።

፪ኛ፤ የምርምሩ ታሪክ ባጭሩ

ዲዮኔያን በጽሑፍ ያስታወቀው የሰሜን ካሮላይና ገዥ የነበረው አርተር ዶብስ ነው፤ ዘመኑም 1759 ነበር። ነገር ግን ተክሉ ነፍሳትን ይዞ በእርግጥ ይመገባል ወይስ መዘጋቱ እንዲያው ንክኪን ከመጥላት ነው የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይፈታ ቆየ።

ቻርልስ ዳርዊን በ1860 በጋ በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ አውራጃ የድሮዜራ ቅጠሎች የያዙትን የነፍሳት ብዛት አይቶ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እየሞከረ ቆይቶ ስለ ነፍሳት በል ዕፀዋት የጻፈውን መጽሐፍ በ1875 አሳተመ። ጥሬ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጭ፣ ወተት፣ አሸዋ፣ ብርጭቆ እያስቀመጠ ተክሉ የሚፈጨውንና የማይፈጨውን ለየ። ከሚሊግራም አንድ ሺሕኛ የማይሞላ የጠጕር ቍራጭ እንኳ የድሮዜራን ጠጕር እንዲጐነበስ እንደሚያደርግ አስመሰከረ። በዚያው ዘመን ሜሪ ትሪት የተባለች አሜሪካዊት የኡትሪኩላሪያን ከረጢት በማጕያ መነጽር ስትመረምር ቆይታ ያየችውን ለዳርዊን ጽፋለታለች፤ እርሱም በመጽሐፉ ጠቅሷታል። ጆን በርደን ሳንደርሰን የተባለው ሐኪም ደግሞ በ1873 የዲዮኔያ ቅጠል ሲነካ በእንስሳት ጅማት ውስጥ እንደሚያልፈው ያለ የኤሌክትሪክ ምልክት በቅጠሉ እንደሚያልፍ አሳየ።

ዋናው ጥያቄ ግን ገና ነበረ። መያዙስ ተያዘ፤ መፈጨቱስ ተፈጨ፤ ተክሉ ከዚህ ተጠቅሟልን? የዳርዊን ልጅ ፍራንሲስ ዳርዊን ድሮዜራዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ጥቂት ሥጋ እየሰጠ፣ ሌላውን እየከለከለ አሳደገ። ውጤቱን በ1878 ሲገልጽ፣ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ብዙ ብልጫ ያለው ዘር ማፍራታቸውን አመለከተ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። የተከለከሉትም አልሞቱም፤ አድገዋል፣ አብበዋል። ዝንብ ሲቀር የሚቀረው ትርፉ ነው እንጂ ሕይወቱ አይደለም።

፫ኛ፤ ብርሃን እንጀራ፣ ዝንብ ጨው

ተክል ሁሉ ሰውነቱን የሚሠራው ከአየር ከሚወስደው ካርቦን ዳዮክሳይድና ከውሃ ነው። ሁለቱን አዋሕዶ ስኳር የሚያደርግበት ኃይል ብርሃን ነው፤ ይህም ፎቶሲንተሲስ ይባላል። ከዚህ ሌላ ከአፈር ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና የመሳሰሉትን ይሻል። ሥጋ በል ዕፀዋት የሚኖሩበት ረግረግና እርጥብ አሸዋ በእነዚህ ነገሮች እጅግ ድኻ ነው። ስለዚህ ዝንቡ የሚያመጣላቸው ኃይልን ሳይሆን ናይትሮጅንንና ፎስፎረስን ነው።

ወጥመድ መሥራት ግን ወጪ አለው። እንስራ የሆነ ቅጠል እንደ ጠፍጣፋ ቅጠል ብርሃን አይቀበልም፤ ሙጫ ማመንጨትም፣ መፍጫ ጭማቂ ማዘጋጀትም ስኳር ይጨርሳል። ቶማስ ጊቭኒሽ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅና ጓደኞቹ በ1984 ይህን በገቢና በወጪ አስልተው፣ ሥጋ በልነት የሚያዋጣው ፀሐይ በበዛበት፣ ውሃ በማይጐድልበትና አፈሩ ድኻ በሆነበት ቦታ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ብርሃን ካነሰ ተክሉ በዝንብ ያገኘውን ናይትሮጅን የሚሠራበት ኃይል የለውም፤ ወጪው ይቀራል፣ ገቢው ይጠፋል። እንደ ነጋዴ ብንመስለው፣ ገበያ በሌለበት መንደር ትልቅ ሱቅ እንደ ከፈተ ሰው ነው።

ይህ አሳብ በተግባር ሲረጋገጥ ታይቷል። ሳራሴንያ ፑርፑሪያ የተባለው ተክል ናይትሮጅን በብዛት ሲሰጠው እንስራውን እያጠበበ ጠፍጣፋ ቅጠል ማውጣት እንደሚጀምር አሮን ኤሊሰንና ኒኮላስ ጎቴሊ በ2002 አሳይተዋል። ተክሉ ሳያስፈልገው ወጥመድ አይሠራም ማለት ነው። እንዲሁም በቤት ውስጥ ብርሃን ያነሰው ድሮዜራ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ቀይ ቀለሙ ይጠፋል፣ ጤዛው ይደርቃል። ይህን ያየ ባለቤት ተርቧል ብሎ ዝንብ ይጨምርበታል፤ የሚያስፈልገው ግን መብራት ነው።

፬ኛ፤ ስለ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት

ዕፀዋትን በቤት ውስጥ በብርጭቆ ሣጥን ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም፤ ናትናኤል ዋርድ የተባለው የሎንዶን ሐኪም በዚህ ጕዳይ መጽሐፍ ያሳተመው በ1842 ነው። በዚያ ዘመን ሣጥኑ ከመስኮት ሊርቅ አይችልም ነበር። ከዚያም በኋላ የመጣው ባለ ሽቦ አምፑል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። እንዲህ ያለውን አምፑል ወደ ተክል ማቅረብ ቅጠሉን መጥበስ ነው።

ኤል.ኢ.ዲ. የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ሴሚኮንዳክተር በሚባል ጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፤ የወረዱበትም ልዩነት ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ብርሃኑ ቀይ፣ ሲበዛ ሰማያዊ ይሆናል። ለዓይን የሚታይ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ሠራ። ብሩህ ሰማያዊው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ዘገየ፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ይህን በጃፓን አገር ስለ ፈጸሙ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሰማያዊው መገኘት ትልቅ ነገር የሆነበት ምክንያት፣ ዛሬ በየቤቱ የሚበራው ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ሆኖ ላዩ ብርሃኑን ወደ ቢጫ በሚለውጥ ዱቄት የተቀባ በመሆኑ ነው።

በገበያ ላይ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ፣ ለአትክልት ብቻ የተሠሩ የሚባሉ መብራቶች አሉ። ምክንያታቸው ክሎሮፊል ቀይንና ሰማያዊን አጥብቆ ይወስዳል፣ አረንጓዴውን ግን ይመልሳል የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ኪት ማክሪ የተባለው ተመራማሪ በ1972 የብዙ ሰብሎችን ቅጠል በየቀለሙ ብርሃን መርምሮ፣ ቅጠል ከአረንጓዴውም ብርሃን አብዛኛውን እንደሚጠቀምበት አሳይቷል። ስለዚህ ተራ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. በቂ ኃይል ካለው ለዚህ ሥራ ይበቃል። በነጭ ብርሃን ሥር ደግሞ የተክሉን እውነተኛ ቀለም ማየት፣ ሻጋታና ቅማል ሲነሣም በጊዜ ማወቅ ይቻላል።

፭ኛ፤ ብርሃን እንዴት ይለካል

የሰው ዓይን ስለ ብርሃን የሚሰጠው ምስክርነት የታመነ አይደለም። ዓይን በጨለማ ይሰፋል፣ በብርሃን ይጠባል፤ ስለዚህ ብዙ እጥፍ የሆነውን ልዩነት ትንሽ ያስመስለዋል። ለተክል የሚጠቅመው ልኬት በየሴኮንዱ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፉት ፎቶኖች ብዛት ነው፤ ይህም በማይክሮሞል ይነገራል። የሚቈጠሩትም የሞገድ ርዝመታቸው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆኑት ናቸው። ጥርት ባለ ቀን ቀትር ላይ የፀሐይ ብርሃን 2,000 ማይክሮሞል ያህል ነው።

ይህን የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው። ሉክስ የሚለካው ግን ርካሽ ከመሆኑም በላይ በተንቀሳቃሽ ስልክም በግምት ሊለካ ይችላል። የነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ሉክስ ለ70 ቢካፈል ወደ ማይክሮሞል ይጠጋል። ለምሳሌ፣ ማታ የምናነብበት ክፍል ጠረጴዛው ላይ 300 ወይም 500 ሉክስ ቢኖረው፣ ይህ ከ4 እስከ 7 ማይክሮሞል ብቻ ነው። ለእኛ ለማንበብ የበቃው ብርሃን ለተክሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ሐምራዊው መብራት ግን በሉክስ ሊለካ አይገባውም፤ ሉክስ የተሠራው በሰው ዓይን መጠን ስለ ሆነ ቀዩንና ሰማያዊውን አሳንሶ ይቈጥራል።

ስሌቱን በምሳሌ እናሳይ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ መደርደሪያ አለን እንበል፤ ስፋቱ በጠቅላላው 0.3 ካሬ ሜትር ነው። 30 ዋት የሚወስድ ጥሩ ኤል.ኢ.ዲ. በእያንዳንዱ ዋት በሴኮንድ 2.5 ማይክሮሞል ቢሰጥ ድምሩ 75 ይሆናል። 75 ለ0.3 ሲካፈል 250 ነው። አንድ አምስተኛው ወደ ጐን ቢባክን 200 ይቀራል። ይህ መብራት በቀን 14 ሰዓት ቢበራ ተክሉ በቀን 10 ሞል ያህል ፎቶን ያገኛል። ጥርት ያለ የበጋ ቀን በውጭ ከ40 እስከ 60 ሞል ይሰጣል፤ ስለዚህ ያገኘነው የዚያ አራተኛ ወይም ስድስተኛ እጅ ነው። ቢሆንም ለብዙ ድሮዜራዎች ይበቃል። ለዲዮኔያና ለሳራሴንያ ከዚህ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የኤሌክትሪኩን ወጪ ብናሰላ፣ 30 ዋት በ14 ሰዓት 0.42 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 12.6 ይሆናል። በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት እንዲበራና እንዲጠፋ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቈጣጠሪያ ቢገጠምለት መልካም ነው። መብራቱንም ከቅጠሉ በላይ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ማስጠጋት ይቻላል፤ ርቀቱ በጨመረ ቍጥር ብርሃኑ በፍጥነት ይቀንሳልና።

፮ኛ፤ ስለ ውሃና ስለ አፈር

ከብርሃን ቀጥሎ ብዙ ተክል የሚገድለው ደግነት ነው፤ ይኸውም ጥሩ አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ነው። ለጤፍና ለጐመን በረከት የሆነው ነገር ለነዚህ መርዝ ነው። ሥራቸው የተፈጠረው ድኻ ለሆነ አፈር ስለ ሆነ ጨው ሲበዛበት ይቃጠላል።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ጨው ከ50 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ውሃ ሲተን ጨዉን ትቶ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ጥቂት የነበረው በዓመቱ ብዙ ይሆናል። ውሃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ የሟሟውን ጨው ሁሉ አያወጣም። በስምጥ ሸለቆ ከጕድጓድ የሚወጣው ውሃ በተለይ ጨው የበዛበት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር በክረምት የሚሰጠን ዝናብ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አቧራ ካጠበለት በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ ጀሪካን አጠራቅሞ እስከ በጋ ማቆየት ይቻላል። ዝናቡ ሲያልቅ የተጣራ፣ ዲስቲልድ የተባለ ውሃ ይገዛል።

አፈሩ ብዙ ጊዜ ፒት ከሚባለው የረግረግ ብስባሽና ከታጠበ የድንጋይ አሸዋ እኩል በእኩል የተደባለቀ ነው። የሸክላ ማሰሮ ጨው ስለሚያወጣ የፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ኖሮት፣ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተክሉም ከታች ይጠጣል። ይህ ሥርዓት ለድሮዜራ፣ ለዲዮኔያና ለሳራሴንያ ነው። ኔፔንቴስ ግን ሥሩ በውሃ ላይ መቆምን አይወድም።

፯ኛ፤ ክረምት ለሌለው አገር የሚሆን ክረምት

ዲዮኔያና ሳራሴንያ የሚኖሩበት አገር ብርድ የሚበረታበት ወራት አለው። በዊልሚንግተን ቀኑ በበጋ ከ14 ሰዓት በላይ ሲሆን፣ በብርዱ ወራት ወደ 10 ሰዓት ያጥራል። ተክሉ ይህን ምልክት አይቶ ሦስት ወር ያህል ያርፋል። ዕረፍቱ በየዓመቱ ቢከለከል እየደከመ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ልዩ የሆነ ችግር አለ። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ብርዱ አልጠፋም። ነገር ግን እኛ ወደ ምድር ወገብ የቀረብን ስለ ሆንን፣ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ተክሉ ብርዱን ቢያገኝም አጭሩን ቀን አያገኝም። የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ጥቅሙ የሚጐላው በዚህ ነው። ከመስኮት በራቀ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መብራቱን ቀስ በቀስ ከ14 ወደ 10 ሰዓት ብናሳጥር፣ የካሮላይናን ወቅት በመደርደሪያ ላይ ልንሠራ እንችላለን። ክፍሉ በቂ ቅዝቃዜ ከሌለው ተክሉን ከአፈሩ አውጥቶ ሥሩን በእርጥብ ስፋግነም ጠቅልሎ በምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ሦስት ወር ማሳረፍ የተለመደ ዘዴ ነው።

፰ኛ፤ ለጀማሪ የሚሆን ተክልና አመጋገቡ

ለዚህ ሁሉ ድካም ጊዜ የሌለው ተማሪ በድሮዜራ ካፔንሲስ ቢጀምር ይሻላል። ይህ ተክል አገሩ በደቡብ አፍሪቃ የኬፕ አውራጃ ነው፤ የብርድ ዕረፍት አይሻም፤ አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ዘሩም ብዙ ነው። ዘሩ አፈር ሳይለብስ በእርጥብ ፒት ላይ ይበተናል፤ ለመብቀል ብርሃን ይሻልና። ከቅጠሉ ቍራጭም ይበቅላል።

ስለ አመጋገቡ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ትንኝ ወይም ትንሽ ዝንብ ይበቃል። የሰው ምግብ፣ ጥብስና አይብ ቅጠሉን ያበሰብሳል። ለዲዮኔያ የሞተ ነፍሳ ብንሰጠው ከተዘጋ በኋላ ቅጠሉን ቀስ አድርጎ ማሻሸት ያስፈልጋል። ምክንያቱም የጀርመን አገር ተመራማሪዎች በ2016 እንደ ገለጹት፣ ተክሉ ንክኪውን ይቈጥራል፤ ሁለቱ ይዘጉታል፣ ከዚያ የሚቀጥሉት የመፍጫውን ጭማቂ ያስነሣሉ። የማይንቀሳቀስ ነገር የያዘ ቅጠል ባዶ እንደ ያዘ ቈጥሮ እንደገና ይከፈታል። እያንዳንዱ ወጥመድ የሚሠራው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለጨዋታ በጣት እየነካኩ ማዘጋት ተክሉን ማክሰር ነው።

፱ኛ፤ ይህ ሥራ ምን ይጠቅማል

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ሁሉ የባለጠጋ መጫወቻ አይደለምን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያ ለሚያንሰው ላቦራቶሪ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መብራትና አንድ ጀሪካን የዝናብ ውሃ ብዙ ትምህርት ይሰጣሉ። ከአንድ ዘር የበቀሉትን ድሮዜራዎች በሁለት መደርደሪያ ከፍሎ፣ አንዱን በ50፣ ሌላውን በ200 ማይክሮሞል አሳድጎ የቅጠሉን ርዝመትና ቀለም መመዝገብ ይቻላል። የፍራንሲስ ዳርዊንን ሙከራ ደግሞ፣ የተመገቡትንና ያልተመገቡትን ዘር በሚዛን እየለኩ፣ እንደገና መሥራት ይቻላል። በዲዮኔያም የሁለቱን ንክኪ ጊዜ በሴኮንድ እየለዩ መመርመር ይቻላል። በመጽሐፍ ያነበብነውን በእጃችን ሳንፈትን የተማርነው ትምህርት ገና ሙሉ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ በዱር ያሉትን ዕፀዋት ሕይወት ይነካል። የዲዮኔያ አገር እየጠበበ የሄደው በቤት ሥራና በእርሻ ብቻ አይደለም። ያ አገር በየጊዜው በመብረቅ የሚነሣ እሳት ቍጥቋጦውን የሚያጸዳለት የጥድ ሜዳ ነበር፤ ሰዎች እሳቱን ሲያስቀሩ ቍጥቋጦው አድጎ ትንንሾቹን ተክሎች በጥላ ገደላቸው። በዱርም ሆነ በቤት የሚገድላቸው የብርሃን ማጣት መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ ላይ የሚሰርቋቸው ሰዎች አሉ፤ ሰሜን ካሮላይና በ2014 ይህን ስርቆት ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። ከዘርና በላቦራቶሪ ከሚባዛ የተክል ሥጋ የሚገኘው ተክል ዋጋው ሲረክስ ለሌባው ገበያ ይጠፋበታል። ስለዚህ ተክል የሚፈልግ ሰው ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ሊገዛ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ እኛም ባለ ዕዳዎች መሆናችንን ማወቅ አለብን። ፒት ያለባቸው ረግረጎች ከዓለም የብስ መሬት 3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከዓለም ደኖች ሁሉ የበለጠ ካርቦን ይዘዋል። አንድን የረግረግ ተክል ለማሳደግ ሌላውን ረግረግ መቈፈር ግብዝነት እንዳይሆንብን፣ የያዝነውን ፒት ደጋግመን መጠቀም፣ ስፋግነምንም ራሱን በትሪ ማሳደግ ይገባናል። እንዲሁም ከሌላ አገር የመጣ ተክል ወይም ዘር በአገራችን ረግረግና ኩሬ ሊጣል አይገባም። ድሮዜራ ካፔንሲስ በኒው ዚላንድ ከጎጂ መጤ ዕፀዋት መካከል ተቈጥሯል። የእንቦጭን ታሪክ በጣና ሐይቅ ላይ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ባጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ ሥጋ በል ዕፀዋት በሥጋ አይኖሩም፤ በብርሃን ይኖራሉ። ነፍሳትን የሚያጠምዱት አፈራቸው የነሣቸውን ጥቂት ነገር ለማግኘት ነው። ይህን የተረዳ ሰው መብራቱን በዓይኑ ሳይሆን በልኬት ይመርጣል፣ የዝናብ ውሃ ያጠጣል፣ ማዳበሪያ ይከለክላል፣ ለተክሉ አገሩን የሚመስል ቀንና ሌሊት ይሠራለታል። ኤል.ኢ.ዲ. ይህን ሥራ በትንሽ ክፍልና በጥቂት ወጪ እንዲቻል አድርጎታል።

መምህሮቻችን በዚህ ጕዳይ ያላቸውን አሳብ ቢሰጡን፣ ጓደኞቻችንም በኮሌጃችን አንድ መደርደሪያ ለማቆም ቢተባበሩን ደስ ይለናል። ሁለት ደርዝ ያለው አንድ መደርደሪያ፣ ላይኛው በብሩህ፣ ታችኛው በደብዛዛ ብርሃን፣ በሁለቱም ከአንድ ዘር የበቀለ ድሮዜራ ቢቀመጥበት፣ እኛ እዚህ በብዙ ገጽ የጻፍነውን ለሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ያለ ቃል ያስረዳው ነበር።